ሰመራ ላይ ያወለቅነው ማሊያ

ባለፈው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ተናድጄ ብድግ አልኩ። ልጆች ያሳደገች፣ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት በልጆቿ እኩዮች መካከል እንደዚያ ብድግ ስትል እንደማያምር አውቃለሁ። ሰመራ ላይ ቅዳሜና እሁድ የምንማር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነን፤ መምህሩን ጨምሮ ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ቀድሜ የምገባ፣ አንብቡ የተባልነውን የማነብ፣ የቤት ሥራዬን በሰዓቱ የማስረክብ፣ ድምፄ የማይሰማ ተማሪ ነበርኩ።

የቡድን ሥራችን ስለ አንድ አገር አቀፍ ተቋም አመሠራረትና ዕድገት ማቅረብ ነበር። ልጆቹ የቅርጫት ኳስ ሊጉን መረጡ።  ቢላል የሚባለው ትሑት ልጅ ፕሮጀክተሩን ከፍቶ ያነብ ጀመር። ሊጉ ድሮ የጥቂት መሥሪያ ቤቶችና የጦር ክፍሎች ክለቦች አንድ ከተማ ተሰብስበው ቶሎ የሚጨርሱት ውድድር ነበር። ቀስ በቀስ ክለቦች በየከተማቸው እየተጋበዙ የሚጫወቱበት ሆነ። ከዚያ ተጫዋቾች ደመወዝ ይከፈላቸው ጀመር፣ ክልሎችም ገቡ። ዛሬ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ በቴሌቪዥን እየተላለፈ፣ ከውጭ አገር በመጡ ተጫዋቾች ጭምር ይካሄዳል። ሁሉም እውነት ነው። ተቃውሞ የለኝም። ቀጥሎ አንድ ፎቶ መጣ። ሰማያዊ ማሊያ የለበሱ ረጃጅም ሴቶች ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ከሥሩ «በክልሉ ከተሞች ወጣቶች የተመሠረተው ፈር ቀዳጅ የሴቶች ቡድን» ይላል።

ከፊት የቆመችው ልጅ ደረት ላይ ያለው አራት ቁጥር ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ያንን አራት ቁጥር አጣሞ የሰፋው አዋሽ ከተማ ገበያው በር ላይ የነበረ ልብስ ሰፊ ነው። ማሊያው የእኔ ነው። የለበሰችው ልጅ ግን አዋሽን በአውቶቡስ መስኮት ካልሆነ በቀር አይታ አታውቅም።

«ማዘር፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ቢላል።

«ውሸት ነው» አልኩት።  ልጁ እጁ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ይዞ ቀረ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ያገኘውን ነው ያቀረበው። መምህሩ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ «እስቲ ረጋ ብለው ይጻፉት» አሉኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ረጋ ማለቱን ግን እንጃ።

ያን ጊዜ አዋሽ የባቡር ከተማ ነበረች። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጣቢያው አጠገብ ሸቀጣ ሸቀጥ ከፍቶ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ የባቡር ሠራተኞች የሚዝናኑበት ግቢ ነበር፤ በውስጡም አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ። ምሰሶዎቹ የባቡር ሐዲድ ብረት ናቸው። አንዴ ከተተከሉ ነፋስም ሰውም አያንቀሳቅሳቸውም። ሲሚንቶው ቀን ላይ እንደ ምጣድ ስለሚግል የምንጫወተው ጎህ ሲቀድና ከዐስር ሰላት በኋላ ነበር። ከአዋሽ ወንዝ ገደል ማዶ ፀሐይ ስትወርድ የሽንኩርት እርሻው ሽታ በነፋስ ይመጣል፤ የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ ደግሞ ጨዋታ አቁመን ተሳፋሪ እናያለን። ሕይወት ያኔ ለእኔ ይህን ትመስል ነበር፤ ደስ የምትል ነበረች።

አሠልጣኛችን የስፖርት መምህሩ ነበሩ፣ ቲቸር ታደሰ፤ የደሴ ሰው። ፊሽካ አይወዱም፤ ያጨበጭባሉ። ቡድኑ እንደ ከተማው የተቀየጠ ነበር። የባቡር መካኒክ ልጅ የሆነችው ሄለን ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድም። እኔ ነበርኩ። አምበላችን መዲና ነበረች። መዲና አፋር ናት፤ ለትምህርት ብላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፣ አባቷ ግመሎቻቸውን ይዘው ወንዙን ተከትለው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ቁመቷ ከቲቸር ይበልጣል። ኳስ ስትቀበል እጇ አይጮኽም። ሰው ላይ ጮኻም አታውቅም።

በዚያ ዓመት ኮምቦልቻ ሄደን ማጣሪያውን አሸነፍን። ማጣሪያውን ያሸነፈ ሊጉ ውስጥ ይገባል፤ ሊጉ ደግሞ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለተጫዋች ደመወዝ ይከፍላል ተባለ። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ልናገር። ትምህርት ጨርሻለሁ፤ አጎቴ ሚሌ ላይ ምግብ ቤት አለው፣ ሰው ይፈልጋል፤ አባቴም ሊልከኝ ወስኖ ነበር። ስለ ሊጉ ስነግረው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ደመወዝ ካለው ሥራ ነው፤ ሥራ አልከለክልሽም። ከሌለው ጨዋታ ነው። ጨዋታ ደግሞ ይበቃል፣ ዘይኑ» አለኝ። ነገሩ ያለቀው በዚህች ነው። ሊጉ ከገባን እጫወታለሁ፤ ካልገባን ሚሌ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ወደ ሰመራ ተጠራን። ከአዲስ አበባ የሊጉ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቡድኑን ያያል፣ ያጸድቃል ተባለ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቢያንስ ስምንት ተጫዋች ከአሠልጣኙ ጋር ሜዳ ላይ መገኘት አለበት። እኛ ዘጠኝ ነን። ልንነሣ ስንል ግን የቲቸር አባት አርፈው ቲቸር ለቀብር ደሴ ሄዱ። «እናንተ ቅደሙ፤ እኔ በሚሌ በኩል ነገ ቀትር ላይ እደርሳለሁ። ግምገማው እንደሆነ ከሰዓት ነው» አሉን። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ገዋኔ የዘመድ ሠርግ ላይ ነበሩ፤ ሠርጉ የሚያልቀው ማታ ስለሆነ እነሱም በማግስቱ እንዲደርሱን ተነጋገርን። ስለዚህ ሰባት ሆነን በሚኒባስ ተነሣን። የሚያሠጋ ነገር አልነበረም።

መንገዱን አሁንም ዐይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ቦቴዎችና ተሳቢዎች ከጅቡቲ በኩል ይመጣሉ፤ ሚኒባሱ በነፋሳቸው ይወዛወዛል። ገዋኔ ላይ የፍየል ጥብስ በሩዝ በላን። ሾፌሩ ጢስ የገባው የግመል ወተት ገዝቶ በጀሪካን አስቀመጠ፤ ሄለን እያሸተተች «ይሄ ወተት ነው ወይስ የተቃጠለ ቤት?» ትለዋለች። ከዚያ አዳይቱ ስንደርስ አንድ ፍየል የሚነዱ ሽማግሌ መንገዱ ዳር ቆመው ነበርና መዲና ሾፌሩን አስቆመችው።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቆማል፣ ጥላ ካለ ይቀመጣል፣ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ። ይህ ዳጉ ይባላል። ዳጉ ላይ አይዋሽም፤ የሚያውቁትን መሸሸግም ነውር ነው፤ በዚያ በረሃ አንዲት የተሸሸገች ወሬ ከብትም ሰውም ትገድላለችና። የተነገረውም ሰው የተቀበለውን ለነጋሪው ጉዳት አያውለውም። ይህን ያስተማረችኝ መዲና ናት፤ እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ እኛ ቤት ወሬ በነፃ አይወጣም።

«በየፍየሉ እየቆምን ሰመራ ለጥምቀት ነው የምንደርሰው» አለች ሄለን።

መዲና ተመልሳ ስትገባ የሰማችውን ነገረችን። ዝናብ ርቋል። አንድ ተሳቢ ተገልብጧል፣ ሾፌሩ ተርፏል። ትናንት ደግሞ አንድ አውቶቡስ እዚሁ ቆሞ ነበር፤ ውስጡ እንደ እኛ ያሉ ረጃጅም ሴቶች ነበሩ፣ ውሃ ገዙ፣ ኳስ ይዘዋል።

«ዝናችንን ሰምተው ሊያዩን እየሄዱ ነው» አለች ሄለን። ሳቅን። መዲና አልሳቀችም፤ «ሽማግሌው ያየውን ነው የነገረኝ» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሰመራ ያኔ ገና ልጅ ከተማ ነበረች። ሜዳ ላይ የተበተኑ የቆርቆሮ ቤቶች፣ አዳዲስ ቢሮዎች፣ አንድም ዛፍ የለም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ፊት ላይ ምድጃ እንደተከፈተ ያህል ነው። ሜዳው አዲስ ሲሚንቶ ነበር፤ ቅርጫቶቹ መረብ ነበራቸው። መረብ! አዋሽ ላይ መረብ ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ሄለን ሮጣ ሄዳ ያለ ኳስ ዘለለችና መረቡን ለመንካት ሞክራ አልደረሰችም።

የስፖርት ጉዳዩን የያዘው ኃላፊ ራሱ ተቀበለን። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት። አንቱታ ግን አልሰጠውም። ፈገግተኛ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ የሰው ትከሻ የሚነካ ሰው ነበር። ለስላሳ አስመጣልን። ከዚያ መዲናን ለብቻዋ ጥላ ሥር አስቀመጣትና በአፋርኛ ዳጉ ጠየቃት። ከትልልቆቹ ጋር እንደሚደረገው አንገቱን ደፍቶ፣ በየመሐሉ እያረጋገጠ፣ በሥርዓቱ ነው የጠየቃት። እሷም በሥርዓቱ ሰጠችው። መንገዱን፣ ዝናቡን፣ የተገለበጠውን ተሳቢ፣ የአባቷን ግመሎች። ከዚያ የእኛን። ቲቸር አባታቸው አርፈው ደሴ ናቸው፣ ነገ ቀትር ላይ በሚሌ በኩል ይደርሳሉ። ሁለት ልጆች ገዋኔ ናቸው፣ እነሱም ነገ። ዛሬ ሰባት ነን።

ተራው የእሱ ሲሆን እሱም ሰጣት። ሁሉም ሰላም ነው፣ ተቆጣጣሪው ገብቷል፣ ግምገማው ነገ ከሰዓት ነው። ሌላስ ስትለው ሌላ የለም አላት። ከቢሮው ጀርባ የቆመውን አውቶቡስ አልነገራትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅ ልኮ ግምገማው ወደ ጧት አንድ ሰዓት መዞሩን አስነገረን። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው፤ «ለእናንተው አስቤ ነው» ብሏል። እኛም አመሰገንነው። አሁን ስጽፈው እንኳ ጥርሴ ይፋጫል። አመሰገንነው፤ ሄለን እንዲያውም «እንዲህ ነው ሰው ማለት» አለች። የደነገጠችው መዲና ብቻ ናት። እየሮጠች ሄዳ «ቲቸር ጧት አይደርሱም፣ ልጆቹም አይደርሱም» አለችው። «እናንተ ተሰለፉ ብቻ፤ እኔ አለሁ» አላት። ወደ ሚሌ ለሚሄድ የቦቴ ሾፌር መልእክት ሰጠን። ከዚያ በላይ የምንችለው ነገር አልነበረም፤ ስልክ እንዳሁኑ በየኪሱ አልነበረም።

ጧት ሜዳው ላይ ስንደርስ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሴቶች እያሟሟቁ አገኘን። አዳዲስ ጫማ፣ አዲስ ኳስ፣ ፊሽካ የያዘ አሠልጣኝ። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች በደመወዝ የተቀጠሩ ተጫዋቾች ነበሩ። አንዷ ወደ እኔ መጥታ በትሕትና «እናንተ ሁለተኛው ቡድን ናችሁ?» አለችኝ። ለእሷም የተነገራት እንደዚያ ነበር። እሷን አልጠላትም። እንጀራዋን ፍለጋ ነው የመጣችው፤ እኔም እንጀራዬን ፍለጋ ነበር የሄድኩት።

ተቆጣጣሪው ወጣት ነው፤ ባርኔጣ አድርጓል፣ ከአሁኑ ላብ አጥምቆታል። ሰባታችንን በዐይኑ ቆጠረና «አሠልጣኝ?» አለ።

«በመንገድ ላይ ናቸው» አለች መዲና።

ተቆጣጣሪው ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው እንዳዘነ ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ «አባቱ ሞቶበት ደሴ ነው፤ ሁለት ልጆችም ጎድለዋል። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት። ምን ይደረጋል፣ ደንብ ደንብ ነው። እንዳጋጣሚ ግን ክልሉ የተሟላ ቡድን አዘጋጅቷል» አለ።

እንዳጋጣሚ አለ። መዲና የነገረችውን ቃል በቃል፣ አንዲት ሳያጎድል፣ እኛው ላይ መለሰው። የመዲናን ፊት አየሁት። ሰው ተመትቶ ሕመሙ ገና ሳይሰማው የሚሆነውን መሰለች። መጀመሪያ በአፋርኛ ተናገረችው። ቀጥላ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ ደገመችው።

«ዳጉ ነው የሰጠሁህ።»

«እሱ የመንገድ ነው፣ እህቴ» አላት ሳይቆጣ። «ይሄ መሥሪያ ቤት ነው።»

ቲቸር የደረሱት ቀትር ላይ ነው፣ ራሳቸው እንዳሉት። ሁለቱን ልጆች ሚሌ ላይ አግኝተዋቸው በአንድ አይሱዙ ጭነት ላይ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ አቧራው ቅንድባቸው ላይ ተጋግሯል። የተቆጣጣሪው መኪና ሞተሯ ተነሥቶ ነበር። ቲቸር መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ስምንት ተጫዋችና አሠልጣኝ ነው ደንቡ? ይኸው ዘጠኝ፣ ከነአሠልጣኛቸው።»

«ጧት አልነበራችሁም፣ ጋሼ።»

«ጧትን ማን ያውቃል? ከሰዓት ነው የተባለው።»

«ለእኔ የተነገረኝ ጧት ነው። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው።»

«ኮምቦልቻ ላይ ያሸነፈውን ቡድን እይና ሂድ። ሩብ ሰዓት አይፈጅብህም። እነዚያንም አሰልፋቸው፤ ይግጠሙና የተሸነፈው ይሂድ።»

ተቆጣጣሪው ጫማውን አየ። ከዚያ ኃላፊውን አየ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋ። ቲቸር መስታወቱ ላይ ሁለቴ በመዳፋቸው አጨበጨቡ፤ ሜዳ ላይ ስናጠፋ እንደሚያደርጉት። መኪናው ሄደ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የንብረት ክፍሉ ሰው መጣና ማሊያውን አስረክቡ አለን። የክልሉ ስም ስለተጻፈበት የክልሉ ንብረት ነው፤ ለሚጫወት ነው። ማሊያውን የገዛልን የአዋሽ ነጋዴ ነው። ጨርቁ ከአባቴ ጎረቤት ሱቅ ነው የወጣው። ቲቸር ይህን ለማስረዳት ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን አልቆ ነበር፤ አባቱን ቀብሮ በጭነት መኪና ላይ የመጣ ሰው ናቸው። ነጠላና ሻሽ አጋርደን አንድ ኮንቴይነር ጀርባ አወለቅነው። ሄለን የእሷን መሬት ላይ ወረወረችው። መዲና አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠች። የእኔ በጧቱ ላብ ርሶ ነበር። ንብረት ክፍሉ በሁለት ጣቱ ይዞት «አጥባችሁ ብታመጡት ጥሩ ነበር» አለ።

አጠብኩት። ከውሃ ቦቴው በርሜል ቀድቼ አጠብኩት። አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው፤ የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም ብሎ። ያ ሰመራ ስለሆነ ሳልጨርስ ደረቀ። የሰው ዕቃ አልነበረም። የእኔ ነበር። ያንን ውሃ ሳስታውስ እጄ አሁንም ይቃጠላል።

በመልሱ መንገድ ማንም አልዘፈነም። ሎጊያ ላይ ሾፌሩ አዝኖልን የተጠበሰ ዓሣ በሙፎ ገዛልን፤ ያ ከምድጃው የወጣ ትኩስ ዳቦ ሌላ ቀን ቢሆን እንጣላበት ነበር፣ ያን ቀን ቆርሰን ተወነው። መዲና ግን በየደረስንበት አስቆመች። ፍየል ጠባቂ ሲያጋጥማት፣ ግመል የሚነዳ ሲያጋጥማት፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሲያጋጥሟት ወረደች። ዳጉ ሰጠች። ዝናቡን፣ መንገዱን፣ ከዚያ የሆነውን፤ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ያደረገውን። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ሄለን ያን ቀን አልቀለደችም።

ሚሌ ላይ እኔ ወረድኩ። ወደ አዋሽ ተመልሼ ሻንጣ መያዝ ይቻል ነበር፤ ግን ለምን? አባቴ የተናገረውን አውቀዋለሁ። አጎቴ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። «ምነው ደመወዝተኛዋ?» አለኝ እየሳቀ። አላወቀም። ቲቸር ከሚኒባሱ ወረዱ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክለውልኝ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ አርፈዋል።

ሚሌ ላይ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ምግብ ቤቱን ወረስኩ። ሊጉን ሲያድግ ያየሁት እዚያ ነው፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ የጅቡቲ ሾፌሮች ሩዝ እየበሉ። አዳራሹ ሲሠራ አየሁ። ሰሌዳው በመብራት ሲሆን አየሁ። ተጫዋች ከክለብ ክለብ በገንዘብ ሲዛወር፣ ልጆች ገና በልጅነታቸው ሲፈለጉ፣ የሴቶቹ ጨዋታ የራሱ ሰዓት ሲያገኝ አየሁ። ደስ ይለኛል? ሰዎች ደስ ሊልሽ ይገባል ይሉኛል። ስፖርቱ አድጓል፤ አዎ። ነገር ግን ያኛው የክልሉ ክለብ ጥቂት ዓመት ተጫውቶ በጀት ሲቆም ፈረሰ። የተቀጠሩት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየከተማቸው ሄዱ፤ ከኋላቸው አንዲት ያሠለጠኗት የኛ አገር ልጅ አልተዉም። አዋሽ ላይም የባቡሩ ግቢ ውስጥ ያለው ሜዳችን ላይ ዕቃ ተከመረበት። የሐዲድ ብረት ምሰሶው ብቻ እንደተተከለ ነው ይላሉ። ይህን የትኛው የዕድገት ታሪክ ይጽፈዋል? ሊጉ ደመወዝ መክፈል የጀመረበት ዓመት ተብሎ የሚከበረው ዓመት፣ እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ኳስ የነካሁበት ዓመት ነው።

ከክፍል የወጣሁ ዕለት ለመዲና ደወልኩላት። ገዋኔ ናት፤ ፍየልና በግ ትነግዳለች፣ ገበያ ላይ ከወንዶቹ መሐል ከሩቅ ትታያለች። ፎቶውን ነገርኳት።

«አራት ቁጥሩ አሁንም ጠማማ ነው?» አለችኝ።

«ጠማማ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሁልጊዜ ልጠይቃት ፈልጌ የተውኩትን ጠየቅኳት፤ «ያኔ ዝም ብል ኖሮ ብለሽ አታውቂም?»

«ለምን ዝም እላለሁ? ዳጉውን እሱ ነው ያፈረሰው፣ እኔ አይደለሁም።»

«እሱ ምን ሆነ? ከፍ ከፍ አለ። ያን ሁሉ መንገድ ስሙን ተናገርሽ፤ ምን ጎዳው?»

 «እግረኛ ቢሆን ይጎዳው ነበር» አለችኝ። «ስሙ ከኛ በፊት ጅቡቲ ደርሷል። ሽማግሌ አይቆምለትም ነበር፣ ዳጉ አይሰጠውም ነበር። እሱ ግን በመኪና ነው የሚሄደው፣ መስኮቱን ዘግቶ። የማንንም ወሬ አይፈልግም። እንዲህ ላለ ሰው ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዘይነባ?»

 እሷ ዛሬም ለጠየቃት ሁሉ ሙሉውን ትናገራለች፤ በዚህም ከስራም ታውቃለች፣ አትርፋም ታውቃለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሙሉ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ለቀበሌ ግማሽ፣ ለደንበኛ ግማሽ፣ ለባሌም አንዳንዴ ግማሽ። ብልህነት ይመስለኝ ነበር። ልጆቼንም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የሚጠይቃችሁ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ ሳታውቁ አትመልሱ እያልኩ።

ትናንት ማታ ራት ሰዓት ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ ምግብ ቤቱ ገቡ። በእግር ነው የመጡት፤ ጫማቸው ይናገራል። ሻሂ አዘዙና ለመጨረሻዋ ልጄ የመንገዱን ወሬ ጠየቋት፤ ወደ አዳይቱ በኩል ሰላም ነው ወይ፣ ውሃ አለ ወይ። ልጄ ታውቃለች። ከሰዓት ሾፌሮች ሲያወሩ አብራኝ ሰምታለች፤ በዚያ በኩል ያለው የውሃ ጉድጓድ ሞተሩ ተበላሽቷል። መጀመሪያ ወደ እኔ አየች። ከዚያ «አላውቅም፣ አባባ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ልጄን አዩ። እኔንም አዩ። ሻሂውን ሳይጨርሱ ዱላቸውን አነሡና ወጡ።

ተከትያቸው ሮጥኩ፤ አስፋልቱ ዳር ደረስኩባቸውና ስለ ጉድጓዱ ነገርኳቸው፣ ሞተሩን፣ ሾፌሮቹ ያሉትን ሁሉ። አመሰገኑኝ፤ የራሳቸውን ወሬ ግን አልሰጡኝም። የሊጉን ቦታ ስለነጠቀን ብቻ ቢሆን ያንን የሰመራ ኃላፊ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። ልጄ የዋሸቻቸው ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቁኝ መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ግን እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆሜ፣ ከዚያ ከሰመራው ቀን ይልቅ ዛሬ እንደምጠላው አወቅሁ።